ዕጣን አጭሱበት

አክስቴ ሽታ አትወድም። ሽንኩርት ሲቁላላ መስኮት ታስከፍታለች። ዓሣ ከተጠበሰ ቤቱ ይታጠናል። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «ይሄ ኩሽና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው?» ስትል ማንም አልደነገጠም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ተበላሽቶ ይሆናል ተባለ። አንዷ ዘመዳችን የፍሳሽ ቱቦውን ጠረጠረች። አክስቴ ግን ምክንያት ለማጣራት ትዕግሥት የላትም። «ምንም ይሁን ምን፣ እስቲ ዕጣን አጭሱበት» አለች።

ቤት የምታግዛት ልጅ ክብሪት ፍለጋ ተነሣች።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ መብራት ሲጠፋ በር ይከፈታል። ኮሪደሩ ሳሎን ይሆናል። ፊት ለፊት የሚኖሩት ጋሼ ወንበራቸውን አውጥተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የቦቴ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከጅቡቲ ነዳጅ ሲያመላልሱ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ወንበሩን ገልብጠው ተነሡ። «ክብሪት እንዳትጭሪ! ማንም ምንም ነገር እንዳይነካ!»

ልጅቷ ክብሪቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ጋሼ ገቡ። የበረንዳውን በር በረገዱት። ጠዋት የተቀየረውን የጋዝ ሲሊንደር መዝጊያውን ወደ ቀኝ አዙረው እስከ መጨረሻው ዘጉት። «እትዬ፣ ይውጡ። ጫማ አይፈልጉ፣ ነጠላ አይፈልጉ፣ ብቻ ይውጡ» ብለው አክስቴን ክንዷን ይዘው አወጧት። እኛም ተከተልን። እስከዚህ ያለውን ማንም አስተዋይ ሰው ያደርገዋል። ቀጥሎ ያደረጉት ግን ግራ አጋባኝ። ደረጃውን ተያያዙት። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ እየሮጡ ማለት ይቻላል። ዕርዳታ ሊጠሩ መሰለኝ።

የሄዱት ግን ታች ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን ነው። የአክስቴን ቤት ብሬከር አጠፉት። መብራት በሌለበት ሰዓት መብራት አጠፉ።

«መጣ!»

ግቢው ውስጥ ቆመን ገና በቅጡ ሳንረጋጋ የሰፈሩ ልጆች ጮኹ። «መጣ!» አሉ እንደ ሁልጊዜው። ከየቤቱ ቴሌቪዥን ተንጫጫ። የአንዱ ቤት ስታብላይዘር ቀጭ ቀጭ ሲል በክፍት መስኮት ተሰማ። የአክስቴ ቤት ብቻ ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

ያ «መጣ!» የሚለው ጩኸት ከዚያ ቀን ወዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጆቹ ሲጮሁ የእኔ ሐሳብ ፍሪጁ ጋ ይሄዳል። የአክስቴ ፍሪጅ ኩሽና ውስጥ ነው፣ ከሲሊንደሩ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ከሥሩ ስታብላይዘር ተቀምጧል። መብራት ሲመለስ ስታብላይዘሩ ውስጥ ያለው ማገናኛ ይላተማል፤ ትንሽ ብልጭታ አለው። ፍሪጁ ራሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ሌላ ብልጭታ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኩሽናው አምፖል ማብሪያ በየት በኩል እንደተተወ ማን ያውቃል? መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እናበራለን፣ እናጠፋለን፣ «የለም እኮ» ብለን ትተን እንሄዳለን።

ስለ ጋዝ መፍሰስ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ አታብሩ፣ አታጥፉም ይባላል። ትክክል ነው። ማጥፋትም እንደ ማብራት ብልጭታ ይፈጥራል። ነገር ግን ምክሩ ሲዘጋጅ የታሰበው መብራቱ ሁልጊዜ ያለበት ቤት ነው። እዚያ አደጋው የሰው እጅ ነው። እጅህን ከሰበሰብክ ጨርሰሃል። እኛ ቤት ግን የሰው እጅ ቢሰበሰብም መብራቱ ራሱ ይመጣል። መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። ሲመጣም ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነካል።

ደግሞ እንየው፤ ሲሊንደር የምንከፍተው መቼ ነው? በብዙ የአዲስ አበባ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ ምጣድም አለ። ጋዙ ተጠባባቂ ነው። የሚከፈተው መብራት ሲጠፋ ነው። ያ ማለት ጋዝ ሲፈስም በብዛት የሚፈሰው መብራት በሌለበት ሰዓት ነው። የጋዙ ሰዓትና የጨለማው ሰዓት አንድ ናቸው። ጨለማ ውስጥ ደግሞ የሁላችንም እጅ የሚሄደው ወደ ሻማና ወደ ክብሪት ነው። ይሄንን አንድ ላይ አስቀምጬ ያየሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እንዴት ብሎ ትዝ አለዎት?» አልኳቸው። እንደ ተራ ነገር ነው የመለሱልኝ። «ልጄ፣ ቦቴ ሲራገፍ መጀመሪያ ሞተር ይጠፋል። የባትሪው መቁረጫ ይቆረጣል። የመሬት ሽቦ ይታሰራል። ከዚያ ነው ቱቦ የሚነካው። ነዳጅ ካለበት ቦታ ኤሌክትሪኩን ከሩቅ ነው የምትቆርጪው።»

ከሩቅ የሚለው ቃል ላይ ጠበቅ አድርገው ነው የተናገሩት። ብሬከሩ ቤት ውስጥ፣ ሽታው ያለበት ቢሆን ኖሮ እንደማይነኩት ነገሩኝ። ሽታ የሌለበት፣ ውጪ ያለ ሳጥን ከሆነ ብቻ ነው። መብራቱ ባልመጣበት ሰዓት ቢዘጋ ደግሞ ጭራሽ ብልጭታ የለውም። መብራት መጥፋቱ ያን ቀን ጠቀመን ማለት ነው፣ ከተጠቀምንበት።

መሬት ለመሬት

አክስቴ ሽታውን ስትናገር ቆማ ነበር። የኩሽናው መስኮት ደግሞ ከደረት በላይ ነው፤ እሱም ገርበብ ብሎ ነበር። «መስኮቱ እኮ ክፍት ነው» ያለ ሰው ነበር። ጋሼ መስኮቱን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። የከፈቱት የበረንዳውን በር ነው፣ ከወለሉ የሚጀምረውን።

ሲሊንደራችን ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው። ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ። ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ። ስለዚህ ሲያፈተልኩ ወደ ጣሪያ አይወጡም። እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ይዘው ይሄዳሉ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ከቁም ሳጥን ሥር ይገባሉ። በፍሳሽ ቀዳዳ ይወርዳሉ። በበር ሥር አልፈው ደረጃውን ይወርዳሉ። አራተኛ ፎቅ የፈሰሰ ጋዝ ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤት ቤት ሊያንኳኳ ይችላል። እሷ ደግሞ በረንዳዋ ላይ ከሰል እያያያዘች ይሆናል።

መጠኑን አስቤው ነበር፤ ልቤን ያወረደው እሱ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ሲተን 250 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ጣሪያዋም ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ኩሽና 12,500 ሊትር አየር ትይዛለች። ጋዙ እሳት ለመያዝ የሚበቃው የአየሩን 2 በመቶ አካባቢ ሲይዝ ነው። የ12,500 ሁለት በመቶ ስንት ነው? 250። አንድ ሊትር ማለት ነው፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ። ትልቁ የቤት ሲሊንደር ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። ጋዙ ደግሞ ወለል ላይ ስለሚተኛ ታች ላለው አየር ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጋዙ በጣም ሲበዛ፣ ከ10 በመቶ ካለፈ፣ አየር ስለሚያጥረው አይቀጣጠልም። ይሄ የሚያጽናና ይመስላል። አያጽናናም። በሩ ተከፍቶ መናፈስ ሲጀምር ጋዙ እየሳሳ ወደሚቀጣጠልበት መጠን ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ «ትንሽ ቀለል ብሏል፣ እንግባ» ስንል የከለከሉን ለዚህ ነው። አክስቴ ቦርሳዋን ፈልጋ ስትነጫነጭ ነበር። ማንም አልገባላትም።

ሽታው ራሱ የጋዙ አይደለም። ጋዙ ሲሠራ ሽታ የለውም። መርካፕታን የሚባል የሚከረፋ ነገር ሆን ተብሎ ይጨመርበታል፣ ሰው አፍንጫው እንዲያስጠነቅቀው። ይሄ ልማድ በአዋጅ እንዲጠብቅ ያደረገው በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሰ አደጋ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሞቀው ሽታ በሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። ጋዙ ከሕንፃው ሥር ሲጠራቀም ማንም አላወቀም። አንድ መምህር የእንጨት ማለስለሻ ማሽን አስነሣ። ብልጭታዋ በቃች። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ከዚያ ወዲህ ነው ጋዝ እንዲሸት ሕግ የወጣው።

ታዲያ እኛ ቤት ምን ሆነ? ያን ሁሉ ሕይወት ያስከፈለ ሽታ መጣ፣ ሥራውን ሠራ፣ አፍንጫችን ድረስ ደረሰ። እኛ ደግሞ ዕጣን ልናጨስበት ተነሣን። አክስቴን አልወቅሳትም። ቤቷ ውስጥ ሽታ ሁልጊዜ የንጽሕና ጉዳይ ነበር፤ ሽታ ሲመጣ ይሸፈናል፣ አለቀ። ደግሞ የዕድሜ ጉዳይም አለ። አዛውንት ሰው ማሽተት ይቀንሳል። ጉንፋን የያዘው አያሸትም። ጤነኛውም ቢሆን ሽታው ውስጥ ትንሽ ከቆየ አፍንጫው ይለምደዋል፣ «ጠፋ» ይላል። ከውጪ የገባ ሰው ነው ቶሎ የሚለየው። ኮሪደር ላይ የተቀመጡት ጋሼ ከእኛ በፊት የነቁት ወደው አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንደዚህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ሽቦ የታሰረበት ጎማ

በማግስቱ ዕቃ የሚያውቅ ሰው መጥቶ አየው። ሲሊንደሩ ደህና ነው። የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተርም ደህና ነው። ችግሩ ጎማው ነው። ከምድጃው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ተሰንጥቋል። በፋሸታ፣ ማለትም በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ መጥበቅ ሲገባው በሽቦ ተጠምዝዟል። ሽቦው ደግሞ ጎማውን ቆርጦታል። መቼ ነው ሽቦ የታሰረው? ማንም አያስታውስም። ጎማው ላይ የተጻፈው ዓመት ተፍቋል። ሲሊንደሩን ጠዋት ያመጣው ልጅ ሲገጥም ጎማውን ሳብ ሳብ አድርጎታል፣ የተሰነጠቀውም ያኔ ሳይለይለት አልቀረም።

ልጁ ከመሄዱ በፊት «ፈትሼዋለሁ» ብሎ ነበር። በምን ፈተሸው? በላይተር። መገጣጠሚያው ጋ እሳት አስጠግቶ «አይነድም፣ ደህና ነው» ብሎ ሄደ። ይሄን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ሱቁን መጥራት አልፈልግም፤ አንድ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር። የሚቃጠል ነገር ይፈስ እንደሆነ በእሳት መፈተሽ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አይገባኝም። ቢያፈስስ ኖሮ የሚያውቀው እንዴት ሊሆን ነበር?

ባለሙያው የሠራው ሁላችንም የምንችለውን ነው። ፈሳሽ ሳሙና በትንሽ ውሃ በጠበጠ። ምድጃው ጠፍቶ ሲሊንደሩ ተከፈተ። ሳሙናውን በስፖንጅ መገጣጠሚያው ላይ ቀባ። ከዚያ ጎማው ላይ፣ ከዚያ መዝጊያው አንገት ላይ። አረፋው ዝም ካለ ደህና ነው። እያበጠ ከሄደ ያፈስሳል። አሮጌው ጎማ ላይ አረፋው እየተነፋፋ ሲሄድ አክስቴ ቆማ አየችው፤ «ወይ ጉድ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። አሁን ማንም ሲሊንደር ሲያመጣላት ሳሙናው ተቀብቶ ሳይታይ ሒሳብ አትከፍልም። ልጆቹ ያጉረመርማሉ። «አጉረምርሙ» ትላቸዋለች እንጂ አትሰማቸውም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። ጎማና ፋሸታ ከሲሊንደሩ ሙሊት ጋር ሲተያይ ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰው ግን ለጋዙ ይሰለፋል፣ ይደውላል፣ ይለምናል፤ ጎማውን አያየውም። ጎማ ይደርቃል። ዘይት ይነካዋል፣ የምድጃው ሙቀት ይለበልበዋል፣ አንዳንዴ አይጥም ይቀምሰዋል። አምስት ዓመት ከሞላው፣ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ፣ ይጣል። ጎረምሳ ሆኖ ቢታይ እንኳን።

ሌላም ልማድ አለን። ጋዙ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን ማጋደም፣ መነቅነቅ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር። እንጥፍጣፊዋን ለማግኘት ነው። ሲሊንደር ሲቆም ከላይ የሚወጣው ጋዝ ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ጎማው ይገባል። እነሱ ደግሞ ለፈሳሽ አልተሠሩም። ድንገት ምድጃው ላይ ነበልባሉ ጣሪያ የሚነካው እንዲህ ሲሆን ነው። ለግማሽ ድስት ወጥ ብሎ ይሄን ያህል መድፈር አይገባኝም።

አንድ ነገር ግን ለራሴም እንግዳ ነበር። ጋዝ እያፈሰሰ እሳት ቢይዝ፣ ጎማው ጫፍ ላይ ቢነድ፣ መጀመሪያ የሚመጣልን ውሃ ደፍቶ ማጥፋት ነው። ጋሼ እሱን አጥብቀው ተቃወሙ። መዝጊያው ጋ ሳትቃጠል መድረስ ከቻልክ ዝጋው፣ እሳቱ ራሱ ይጠፋል። መድረስ ካልቻልክ ተወው፣ ሰው አውጣ፣ ውጣ፣ ውጪ ሆነህ ለእሳት አደጋ 939 ደውል። ነበልባሉን ብቻ አጥፍተህ ጋዙ መፍሰሱን ከቀጠለ፣ የሚፈሰው ጋዝ ቤቱን ሞልቶ ሌላ እሳት ይጠብቃል። የሚነደው ጋዝ ቢያንስ የት እንዳለ ይታያል። ከደወልክ በኋላም ሲሊንደሩ እየጋለ ከሆነ አትጠጋው።

ስልክ ነገር ደግሞ፤ ሽታው ውስጥ ቆሞ «ሄሎ» ማለት የለም። ባትሪውን ማብራትም የለም። ጨለማ ከሆነ በእጅ እየዳሰሱ መውጣት ይሻላል፤ የገዛ ቤቱን በር በዳበሳ የማያገኝ የለም።

ከሰል አይሸትም

አክስቴ በዚያው ሳምንት ፍርዷን ሰጠች። «ይሄን ሰይጣን ከቤቴ አውጡልኝ።» ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ወጣ፣ ጨርቅ ተደረበበት። መብራት ሲጠፋ ከሰል ተመለሰ። ሰፈሩ ውስጥ ወሬው እንደተሰማ ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሲሊንደር አይተው የማያውቁት ሳይቀሩ ስለ ሲሊንደር አደገኛነት ይተነትኑ ጀመር።

እዚህ ላይ ከአክስቴ ጋር ተጣላን፤ በእውነት ተጣላን። ክረምት ገብቶ ነበር። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሳሎን መሀል ምድጃው ላይ ከሰል ይፋማል። «ጢስ የለውም እኮ፣ ፍም ሆኗል» ትላለች። ጢስ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ግን አለው። እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። እንደ ሲሊንደሩ ጋዝ ወለል ላይም አይተኛም፤ ክብደቱ ከአየር ጋር እኩል ለእኩል ስለሆነ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። ራስ ምታት ይጀምራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛል። በየክረምቱ፣ በየበዓሉ ዋዜማ፣ ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች ወሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ አለ? የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ሰዎች በሬዲዮ ሲለምኑ ይውላሉ።

እኔ የምለው ይሄ ነው። የፈራነውን ነገር መርጠን ሳይሆን ያየነውን ነገር ነው የፈራነው። ሲሊንደሩ አስደንግጦናል፣ ስለዚህ ሰይጣን ነው። ከሰሉ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ዘመድ ነው። ሲሊንደሩ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሲበላሽ ይሸታል። ከሰል ይሄን ያህል እንኳን አያደርግልህም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ከሲሊንደር ወደ ከሰል መሸሽ ከሆነ ምኑን ተጠነቀቅን?

አክስቴ በክርክር የምትረታ ሰው አይደለችም። የታረቅነው በመሀል መንገድ ነው። ሲሊንደሩ በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፀሐይ እንዳይመታው ከለላ አለው፣ ከፍሳሹ ቀዳዳ ርቋል። አዲስ ጎማ በፋሸታ ተጠብቆ ወደ ኩሽና ይገባል። ማታ ማታ ከምድጃው ሳይሆን ከሲሊንደሩ ይዘጋል። ከሰል ለቡና ብቻ፣ እሱም በሩ ተከፍቶ። የነበልባሉንም ቀለም ለምዳዋለች፤ ሰማያዊ ከሆነ ዝም ትላለች፣ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ካለበሰው ምድጃው ይጠረግ ትላለች።

ከሜሪላንድ የመጣው ዕቃ

ልጅዋ ሜሪላንድ ነው ያለችው። ወሬውን ሰምታ አልቅሳለች፣ ከዚያ በሰው እጅ ዕቃ ላከች። ጋዝ ሲፈስ የሚጮኽ መሣሪያ። ደግ ሐሳብ ነው። ከፈትነው።

መጀመሪያ ሶኬቱ አይገባም፤ ለዚያኛው አገር ነው። ማስተካከያ አገኘን እንበል፣ መሣሪያው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የእኛ መስመር 220 ነው። ብንሰካው መሣሪያው ራሱ ነው የሚጨሰው። ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው መብራት ሲጠፋ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን መመሪያው ነው። ጣሪያ አጠገብ ስቀሉት ይላል። እነሱ ቤት በቧንቧ የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ይቀልላል፤ ሲፈስ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ወለል ላይ ነው። እንደ መመሪያው ሰቅለነው ቢሆን ኖሮ ጋዙ ከሥሩ ሲጓዝ እሱ ከላይ ሆኖ ምንም ሳይሰማው ይቀር ነበር።

ለልጅቷ ስነግራት ትንሽ ቅር አላት። ከዚያ የምትፈልገውን በደንብ ጻፍኩላት። ለፕሮፔንና ለቡቴን የተሠራ ይሁን፣ በባትሪም የሚሠራ ይሁን፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ይሁን። ለከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለይ ሌላ፣ እሱም በባትሪ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስማቸው ይለያያል፣ ሥራቸውም ይለያያል። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሁለቱንም አይተካም። ዘመድ ውጪ አገር ያላችሁ፣ ይሄን ዝርዝር ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ የኪሎ ሒሳብ ይተርፋችኋል።

እስከዚያው የብሎካችን ስብሰባ ላይ ጋሼ የቆጣሪውን ሳጥን ነገር አነሡ። ሳጥኑ በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ቁልፉ የኮሚቴ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰብሳቢው ቀን ቀን ሥራ ላይ ነው። ያን ዕለት ክፍት የነበረው በአጋጣሚ ነው። ብዙ ተከራከርን፤ መብራት ይሰረቃል ያለ ነበር፣ ልጆች ይነካኩታል ያለ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቁልፍ ጥበቃው ጋ እንዲቀመጥ ተስማማን። በየብሬከሩ ላይ የቤት ቁጥር በማርከር ተጻፈ፤ ሰው ደንግጦ ሲሮጥ የማንን ቤት እንደሚያጠፋ እንዲያውቅ። የሁለት ቤቶች ግን እስካሁን አልተጻፈም። ባለቤቶቹ አከራይተው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ ተከራዮቹም የትኛው ቆጣሪ የእነሱ እንደሆነ እርግጠኛ አይደሉም። ቅዳሜ አንድ በአንድ እያጠፋን ልንለየው ቀጠሮ ይዘናል፣ መብራት ካለ።